የወተቱ ካርድ

ሶልያና የወደቀችው ወደ ኋላዋ ነው። በይጁቤ፣ ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ቤት ጓሮ ወደ ታችኛው ማሳ የሚያወርዱ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ ከመጨረሻው ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ተገኘች። የኋላ ራሷ ድንጋዩ ላይ ነበር። ከአጠገቧ የመሪጌታ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ገዳሙ፣ ቁጭ ብሎ የነጠላዋን ጥለት በጣቱ ይዳብስ ነበር።

መጋቢት 6 ቀን 2004 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሃያ አምስተኛው ቀን። ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው ሬሳውንና ልጁን አንድ ላይ አየ፤ ፖሊስ ሳይጠብቅም ፈረደ። «እሱ ነው፤ ገፍቶ ጣላት» ተባለ። ገዳሙ አይናገርም። ድሮ ሰውን በጭንቅላቱ እየገፋ ይጥል እንደነበር፣ ሶልያና ከመጣች በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ትቶት እንደቆየ፣ ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ግን እንዳገረሸበት አገር ያውቃል። በማይናገር ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ይግባኝ አይልም።

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ከደብረ ማርቆስ የደረሰችው ዓርብ ጠዋት ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መቀመጫ ባየች ቁጥር የምትቀመጥ ሴት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ተቀማጯ» ይሏታል። ተቀምጣ የምታየውን ግን እነሱ ሮጠው አይደርሱበትም። አለቃዋ ሲልካት «ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በሕግ አይጠየቅም። ቃል ተቀብለሽ መዝገቡን ዝጊ» ብሏት ነበር።

ኮንስታብል እንዳላማው ከመኪናው ተቀበላት።

«ቶሎ ቢጨርሱ ደግ ነው፣ ኢንስፔክተር። ነገ ጎህ ሲቀድ ልጁን ጠበል ሊወስዱት መኪና ተነጋግረዋል።»

«ከእናቱ ጋር?»

«ብቻውን ነው። ከወንዙ ማዶ፣ እንዲህ ያለውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እግሩን በሰንሰለት ያስሩታል፤ እስኪሻለው።»

«ካልተሻለውስ?»

እንዳላማው የመኪናውን በር ዘጋላት። የራሱም ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው።

የገዳሙ እናት የኔአለም፣ የመሪጌታ ምራት፣ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ኢንስፔክተሯ ከጎኗ አረፍ አለች።

«ያየሽውን ንገሪኝ፣ እቴ።»

«ምሳ ላሰናዳ ብዬ ከቅዳሴ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ጓሮ ብቅ ስል ከደረጃው አናት ላይ ቆመዋል። ገዳሙ የወተቱን ካርድ ሰጣት። ‹አይሆንም› አለችው። በጭንቅላቱ ገፋት።»

«የወተቱ ካርድ ማለት?»

የኔአለም ልጁ አንገት ላይ በክር የተንጠለጠሉትን፣ በላስቲክ የተለበዱ ትንንሽ ሥዕሎች አሳየቻት። ገዳሙ ጎታው ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ሶልያና ናት የሳለችለት። ከደብረ ማርቆስ መጥታ፣ እዚሁ ቤት ተከራይታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያስተማረችው ለፋችበት። ድሮ አንድ ነገር ሲፈልግ ሰው ይገፋል፤ እምቢ ሲሉት ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። እሷ ይህን አለመደችው። ወተት ሲያምረው ይህችን ኩባያ የተሳለችባትን ይሰጣል፣ ይሰጡታል። መውጣት ሲፈልግ ደግሞ ይህችን። ከዚያ መግፋቱን ተወው።»

«ታዲያ ምን መለሰው?»

«ጥር ላይ ሰባት ዓመት ሞላው። ጾም ያዘ። ካርዱን ይሰጠናል፣ እኛ ዝም። ይደጋግማል፣ እኛ ዝም። ከዚያ እንደ ድሮው…»

«እንዲያም ሆኖ ጾመ?»

«ሃያ አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም!» አለች፤ ኩራት ብጤ ፊቷ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ኢንስፔክተሯ ቁጥሩን በልቧ ያዘች። «ሸሚዙ አድፏል» አለች ቀስ ብላ።

«ሐሙስ ጠዋት ንጹሕ አልብሼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስነካ አለ። እኔንም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጓሮ ወጣች። ጉልበቷ እያቃሰተ ከደረጃዎቹ አናት ላይ ተቀመጠች። ከላይ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ አመድ ተነስንሷል፤ በሌሎቹ ላይ የለም።

«አመድ ጓሮ ይደፋል፤ ምን ይገርማል?» አለ እንዳላማው።

«ጓሮ ይደፋል። ሰው በሚወጣ በሚወርድበት ድንጋይ ላይ የሚደፋ ባለቤት ግን አላየሁም።» በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሸተተች። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ተጨማልቋል፤ የኮመጠጠ ይሸታል። የጉንዳን ሰልፍ ከማሳው ተነሥቶ እዚያው ድረስ መጥቷል። «ወተት ነው» አለች።

«በጾም?»

«በጾም። እስቲ ጨቅላ ያለበት ቤት ፈልገህ አንድ ኩባያ ወተት ለምነህ አምጣልኝ።»

እንዳላማው ግራ ገባው። ኢንስፔክተሯ ጾመኛ መሆኗን ያውቃል።

ወተቱ እስኪመጣ የሶልያናን ቦርሳ ፈታች። ውስጡ አንድ ደብተር ነበር። ሶልያና የልጁን እያንዳንዷን ቀን ጽፋበታለች።

«የካቲት 11፦ ዛሬም አልገፋም። ከአምና ወዲህ አንድም ጊዜ። የካቲት 14፦ የወተቱን ካርድ አሥራ ሰባት ጊዜ ሰጠ። የተቀበለው የለም። አራት ጊዜ ገፋ። የካቲት 20፦ ካርዱን ሦስት ጊዜ ብቻ ሰጠ። አሥራ ሁለት ጊዜ ገፋ። ግንባሩን አደማ። ሁሉም ‹ከፋ፣ ድሮም አልዳነም› ይላሉ። ልጁ አልከፋም። አዲሱ ንግግሩ መልስ ሲያጣ ድሮ መልስ ወደሚያገኝበት ተመለሰ፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። የካቲት 28፦ የኔታ ወልደ ሰንበትን አማከርሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል። ካርዱን ሰጠኝ፤ ወዲያው መልስ አገኘ። ከእኔ ጋር እስካለ አልገፋም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቃል ያልቃሉ፦ «አልገፋም።» የመጨረሻው መጋቢት 5 ነው።

ወተቱ መጣ። ኢንስፔክተሯ ጎታው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ከልጁ ፊት ተቀመጠች። ገዳሙ ኩባያውን አየ። አልነጠቀም። የክሩን ካርዶች አንድ በአንድ ፈልጎ የወተቱን አወጣና እጇ ላይ አኖረው። ሰጠችው። በሁለት እጁ ይዞ በጥድፊያ ሲጠጣ በግራ አገጩ ወርዶ የሸሚዙ ክሳድ ላይ ፈሰሰ። እዚያው ቦታ ላይ አንድ የደረቀ፣ የቆየ ነጭ ነጠብጣብ ነበር። ጠጥቶ ሲጨርስ እጇን አንሥቶ አናቱ ላይ አደረገው።

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። እጇን ከልጁ አናት ላይ ለማንሣት ግን ጊዜ ወሰደባት።

የልጁ አክስት ማሬ ምጣድ ቤት ደጃፍ ላይ ተገኘች። የገዳሙ አባት ታላቅ እህት ናት፤ አንድ ክንዷ በጨርቅ ታስሯል።

«የገፋኝ ባለፈው ሳምንት ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ጠበል ይሂድ ያልሁትም እኔ ነኝ። አልደብቅም።»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር። እግሬ አብጦ ቆሜ ማስቀደስ አልቻልሁም።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«እግዜር።»

«ሶልያናን አትወጃትም ነበር ይባላል።»

ማሬ መሬት መሬቱን አየች። «ልጅ በወረቀት ሲያወራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስቄባታለሁ። ግን ያ ልጅ ራሱን ሲያጋጭ ሌሊቱን አናድርም ነበር። ሁለት ዓመት እንቅልፍ የሰጠችን እሷ ናት። ነፍሷን ይማር።»

«ወተት በስውር ስትሰጠው ብታያት ምን ታደርጊ ነበር?»

«በሁዳዴ? በመሪጌታ ቤት?» ማሬ ደረቷን መታች። «ይጁቤን በጩኸት አነቃንቃት ነበር! ለአባቴ፣ ለቄሱ፣ ለገበያተኛው፣ ማንን እተዋለሁ?»

«አምንሻለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። እውነቷን ነበር።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቅኔ ቤቱ ፊት ለፊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ትናንትም በዚያች ሰዓት ከቅዳሴው ወጥተው እዚሁ እንደነበሩ፣ ተማሪዎቹም ከቤተ ክርስቲያን እንዳልተመለሱ ነገሯት። ምስክር እንደሌላቸው ያውቃሉ፤ አልተከላከሉም።

«የኔታ፣ ወተቱን ማን ፈቀደ?»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። «እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት የተባለው ለጤነኛ ነው እንጂ እንደሱ ላለው አይደለም። ለየኔአለም ሁለት ጊዜ ነገርኋት። ‹ይጹም፣ አባባ፣ ተዉት› አለችኝ። በቤቴ ሰላም ይደር ብዬ ሶልያናን ‹በስውር ስጪው› አልኋት። ከምራቴ ጋር መከራከር ሸሸሁ፣ ልጄ። በአደባባይ የማልሸሸው ሰውዬ!»

«ምራትዎ ስለት እንደነበረባት ያውቁ ነበር?»

«የምን ስለት?»

«እኔም አላውቅም። ግን አለ» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ፣ ማሬ፣ የኔአለም፣ ገዳሙ፤ የልጁ አባት ፈንታም አለ። ፈንታ ሐሙስን አምበር ገበያ ጤፍ ሲሸጥ ውሏል፤ እንዳላማው በስልክ አረጋግጧል።

«መኪናው ነገ ይመጣል» አለ ፈንታ ሳይቀመጥ። «ሰው ገደለ። ሌላም ሳይገድል ይሂድ። ምን የቀረ ነገር አለ?»

«ትንሽ ታገሠኝ፣ አያ ፈንታ። ልጅህ አልገደለም።»

ፈንታ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ገዳሙ የሚገፋው ካርዱን ሰጥቶ መልስ ሲያጣ ብቻ ነው። ሶልያና በየቀኑ ጽፋዋለች። ታዲያ ትናንት መልስ አጥቷል? የኔአለም ‹አይሆንም አለችው› ብላኛለች። ሐሙስ ጠዋት ንጹሕ የለበሰው ሸሚዝ ላይ ግን የደረቀ ወተት አለ። ዛሬ በዓይኔ አየሁት፤ ሲጠጣ የሚያፈሰው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ትናንት ጠጥቷል። የጠጣ ልጅ አይገፋም።»

«ወተት? በዚህ ቤት?» አለች ማሬ።

«በዚህ ቤት፤ ከየካቲት 28 ጀምሮ።» ኢንስፔክተሯ መሪጌታን አየች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወተት ፈስሷል፤ በላዩ አመድ ተነስንሶበታል። ገዳሙ አመድ አይነሰንስም። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ወተት የሚሸፍን ሰው፣ ከሬሳው ይልቅ ወተቱ ያስጨነቀው ሰው ነው። ያ ማን ነው? መሪጌታ አይደሉም፤ ፈቃዱ የሳቸው ነው። ማሬ ብትሆን አገሩን በጩኸት ትሞላው ነበር እንጂ አትሸፍንም። ፈንታ አምበር ገበያ ነበር።»

የቀረችውን ማንም ዞሮ አላያትም። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

«ሦስተኛ፣ ዛሬ ጠዋት ‹ሃያ አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም› አልሽኝ፣ የኔአለም። ትናንት የጾሙ ሃያ አምስተኛ ቀን ነበር። ሶልያና ከልክላው ቢሆን ኖሮ ሃያ አምስት ትዪ ነበር። ትናንትን የቀነስሽው ትናንት ሲቀምስ ስላየሽው ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ቀን እንደጠጣ ደግሞ አላወቅሽም። ቀኖቹን እንዲህ የሚቆጥር ሰው ስለት አለበት ብዬ ገመትሁ። ተሳሳትሁ?»

የኔአለም ወደ ገዳሙ ዞረች። ስትናገር ለኢንስፔክተሯ ሳይሆን ለልጁ የምትነግረው ትመስል ነበር።

«ሃምሳ አምስቱን ቀን ንጹሕ ጾሞ ፋሲካን ከደረሰ፣ አንድ ጊዜ ‹እማ› ይበለኝ ብዬ ተሳልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ለማንም አልተናገርሁም። ግንባሩን ሲያደማ ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርሁ። ትናንት ጓሮ ስወጣ ኩባያው አፉ ላይ ነው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ልነጥቅ ስል ሶልያና መሐላችን ገባች። ‹ተይ፣ የኔአለም፤ እየተናገረ ነው እኮ› አለችኝ። ገፋኋት። እኔ ነኝ የገፋኋት።»

«ኩባያውስ?»

«አጥቤ ቦታው መለስሁት። አመዱንም እኔ ነኝ። ከዚያ ሰው መጣ፣ ‹እሱ ነው› አሉ። መጀመሪያ ያሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ ዛሬ ጠዋት ደገምሁት። ሕፃን ነው፣ ሕግ አይዘውም፤ እኔ ከታሰርሁ ግን የሚፈልገውን የሚያውቅለት የለም ብዬ ዝም አልሁ። ሰንሰለት እንደሚያስሩት የነገሩኝ ማታ ነው። መኪናው ሳይመጣ እናገራለሁ፣ እናገራለሁ ስል አደርሁ። እናገር ነበር። ታምኑኛላችሁ?»

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ከጋቢው ውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ልጁ እንዲናገር ብለሽ የሚናገርበትን ዘጋሽው። እኔ አፌን ሞልቼ አለመናገሬ ነው ይህን ያመጣው። ስንቱን አስተምሬ፣ በቤቴ አንዲት ቃል ደፍሬ ባለመናገሬ የሰው ልጅ ሞተች።»

ማሬ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ለሶልያና ይሁን ለየኔአለም ራሷም አልለየችውም። ፈንታ ስልኩን አወጣ። ለመኪናው ባለቤት ደውሎ «ነገ አንመጣም» አለው። ሰውየው ምክንያቱን ሲጠይቀው ዘጋበት።

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ጽፋ አስፈረመች። ከዚያ እንዳላማውን «መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ» ብላ አስወጣችው። ደንቡ አይፈቅድም፤ እሷም ታውቀዋለች። «አንድ ሰዓት አለሽ» አለቻት ለየኔአለም።

የኔአለም ባሏን ጠርታ ከገዳሙ ጎን አስቀመጠችው። ካርዶቹን ከልጁ አንገት ሳታወልቅ አንድ በአንድ ገለጠችለት። ፈንታ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዷንም ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

«ይህች ሽንቱ ናት፤ ካሳየህ ቶሎ ነው፣ አትዘግይ። ይህች ‹በቃኝ› ናት። ሲልህ ተወው፤ አታስገድደው። ይህች ውጭ።»

«ይህች ባርኔጣዋስ?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ገበያ ስትሄድ ያወጣታል። ስታመሽ ይዟት በር ላይ ይቀመጣል። ‹ይመጣል› እለዋለሁ። አንተም ከመጣህ በኋላ ካሳየህ፣ እሱ ጠርቶህ ነውና ሂድለት።»

ፈንታ ካርዷን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዓይኑ የሚወርደውን አልጠረገም።

«ይህች መቋሚያ?»

«አባባ ናቸው። ቅኔ ቤት ሲሆኑ። ይህች ጃንጥላ ሶልያና ናት።» ካርዷን በአውራ ጣቷ ጠረገቻት። «ይህችን አታውጣበት። ይጠራታል። በሰጠህ ቁጥር ተቀበለው፤ ምን እንደምትለው ግን እኔም አላውቅም።»

ፈንታ ክሩን ዳር እስከ ዳር አየ፤ ካርዶቹ አልቀዋል። ደግሞ ከመጀመሪያው ገለጠ።

«የአንቺስ? የአንቺ የታለች?»

«የኔ የለችም» አለች የኔአለም። «ሶልያና ልትስል ስትል፣ ‹እኔ ከሱ ተለይቼ የት እሄዳለሁ?› ብያት ተውነው።»